ፈራሚው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ

እ.ኤ.አ. በ1882 መባቻ ካይሮ የተሰበሰቡት የግብጽ እንደራሴዎች ያነሱት ጥያቄ ሲያዩት ትንሽ ነበር። የአገሪቱ ገቢ ግማሽ ያህሉ ለአውሮፓ አበዳሪዎች ተመድቦ አልቋል፤ እሱን አንነካም፤ በቀረው ላይ ግን ድምፅ እንስጥበት አሉ። ብሪታንያና ፈረንሳይ ይህንንም አልፈቀዱም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሸሪፍ ፓሻ በፌብሩዋሪ ሥልጣን ለቀቁ፤ በጁላይ የብሪታንያ መርከቦች እስክንድርያን በመድፍ ደበደቡ፤ በሴፕቴምበር አገሪቱ ተያዘች። ዕዳውን የቆለለው ኬዲቭ እስማኤል ያን ጊዜ ዙፋኑ ላይ አልነበረም፤ ከሦስት ዓመት በፊት ተሽሮ ኢጣሊያ ተሰዷል። እስማኤል ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ጉንደትና ጉራ ላይ በዐፄ ዮሐንስ ጦር የተደመሰሰውን ሠራዊት የላከው እሱ ነው። ጉንደት ላይ በተሸነፈበት በኖቬምበር 1875 የሱዌዝ ቦይ ድርሻውን በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለብሪታንያ ሸጠ፤ ጉራ ላይ በተሸነፈ በወሩ ዕዳ መክፈል አቆመ። ለቦዩ፣ ለባቡሩ፣ ለቤተ መንግሥቱ፣ ለዘመቻው ሲበደር የግብጽን ገበሬ ያማከረው የለም። ሲከፈል ግን ገበሬው አልተረሳም።

ይህን የቆየ ታሪክ ያስቀደምኩት የዛሬውን ነገር ስለሚያሳጥርልኝ ነው። (ዓ.ም. የሚል ካልተከተለው በቀር በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ስለ አገር ዕዳ ወሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ቁጥር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ በ2024 ባወጣው ዘገባ የዓለም መንግሥታት ዕዳ በ2023 97 ትሪሊዮን ዶላር ደርሷል፤ 3.3 ቢሊዮን ሰዎች የሚኖሩትም ለወለድ የሚከፈለው ለጤና ወይም ለትምህርት ከሚወጣው በሚበልጥባቸው አገሮች ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ የሕዝብን ቁጣ ግን አያስረዳም። የጃፓን ዕዳ ከዓመታዊ ምርቷ ሁለት እጥፍ ካለፈ ቆየ፤ አበዳሪው አብዛኛው ራሱ ጃፓናዊው ስለሆነ ቶኪዮ ላይ ስለ ቦንድ ብሎ ፓርላማ ሰብሮ የገባ የለም። የአሜሪካ ዕዳ በ2024 መጨረሻ 36 ትሪሊዮን ዶላር አልፏል፤ በዚያው የበጀት ዓመት ለወለድ የወጣው ገንዘብ ከመከላከያው ወጪ በልጧል። የአሜሪካ መራጭ በዚህ ይማረራል፣ መሪዎቹንም ያማል፤ ዶላሩን የሚያትመው የራሱ መንግሥት ስለሆነ ግን ሂሳቡ ገና በሩን አላንኳኳም። በአንጻሩ ዛምቢያ በኖቬምበር 2020 ዕዳ መክፈል ያቃታት አገር ተብላ የተመዘገበችው 42.5 ሚሊዮን ዶላር ወለድ አጥታ ነው። ይህ ገንዘብ ለዋሽንግተን የአንድ ቀን ወለድ እንኳን አይሞላም።

ስለዚህ የመራጩን ምሬት ከዕዳው ብዛት ጋር ብቻ ማያያዝ አያዋጣም። እኔ የምለው፣ ሰውን የሚያስቆጣው የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። ፊርማው ሲያርፍ አልተጠየቀም፣ አልተነገረውምም፤ ሂሳቡ ሲመጣ ግን በዳቦው፣ በነዳጁ፣ በስልኩ ገንዘብ ዝውውር ላይ ተጽፎ ያገኘዋል። ምርጫ ደግሞ ሁልጊዜ የሚደርሰው ከፊርማው በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ድምፁ የሚሰማው የተበላው ከተበላ ወዲያ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ብዙ መንግሥታትን ያናወጠውን ቁጣ በዚህ መነጽር ብናየው እንቆቅልሽ የሚመስለው ብዙ ነገር ይፈታል። መሪ ተቀይሮ ኑሮው ያልተቀየረበት ምክንያትም ይገባናል።

ከኬንያ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ከሞምባሳ ናይሮቢ የተዘረጋው የባቡር መስመር 3.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀ ሲሆን ገንዘቡ በአብዛኛው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። በሜይ 2017 ተመረቀ፤ ምርጫው ኦገስት ላይ ነበር። ባቡሩን ሁሉም አየው፤ ውሉን ግን ማንም አላየውም። የውሉ ከፊል ለሕዝብ የወጣው በኖቬምበር 2022፣ ባቡሩ ከአምስት ዓመት በላይ ከሮጠ፣ ያስፈረሙት ፕሬዚዳንትም ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ነው። ሲገለጥ፣ ክርክር ቢነሳ ዳኝነቱ የሚታየው ቻይና እንደሆነ፣ ተበዳሪውም የውሉን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ እንደገባ ተነበበ። ኬንያ በ2014 የሸጠችው ሌላው ዕዳ፣ የ2 ቢሊዮን ዶላሩ ዩሮ ቦንድ፣ መክፈያው ጁን 2024 ነበር። ያንን ለመክፈል መንግሥት በፌብሩዋሪ 2024 ሌላ የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠ፤ የቀድሞው ወለድ 7 በመቶ የማይሞላ ሲሆን የአዲሱ ዋጋ ከ10 በመቶ በላይ ወጣ። የድሮውን በውድ ገዝቶ መክፈል ማለት ይህ ነው።

ሂሳቡ ወደ ቤት የመጣው ከዚያ ነው። በ2023 በነዳጅ ላይ ያለው ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ8 ወደ 16 በመቶ አደገ፤ ከደመወዝ 1.5 በመቶ ለቤቶች ግንባታ መቆረጥ ጀመረ። በ2024 የቀረበው የፋይናንስ ረቂቅ ደግሞ 346 ቢሊዮን ሽልንግ ተጨማሪ ገቢ ለመሰብሰብ ያቀደ ነበር፤ መጀመሪያ ሲቀርብ ዳቦ ላይ 16 በመቶ ታክስ፣ መኪና ላይ በየዓመቱ 2.5 በመቶ ይል ነበር። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ነው ልብ ሊባል የሚገባው። የኬንያ ወጣቶች ረቂቁን አነበቡት። አንቀጽ በአንቀጽ ተካፍለው፣ በየቋንቋቸው ተርጉመው፣ በቲክቶክ ለእናቶቻቸው አስረዱት። የባቡሩን ውል ማንበብ የከለከላቸው ነበር፤ ረቂቅ ሕጉን ግን ማንም ሊደብቅባቸው አልቻለም። ዳቦው ከረቂቁ ወጣ፤ የቀረው ግን ሰኔ 18 ቀን 2016 ዓ.ም. በ195 ድምፅ በ106 ተቃውሞ ጸደቀ። በዚያው ቀን ሰልፈኞች ፓርላማውን ሰብረው ገቡ፤ ጥይት ተተኮሰ። የአገሪቱ ብሔራዊ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን እስከ ጁላይ መጀመሪያ 39 ሰዎች መሞታቸውን ቆጠረ፤ ቁጥሩ በኋላ ከ60 አለፈ። ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ በማግስቱ አልፈርምም አሉ፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ካቢኔያቸውን በተኑ። በዚያው ሰሞን ለሕዝቡ ሲያስረዱ ከሚሰበሰበው ግብር ከ100 ሽልንግ 61ዱ ለዕዳ እንደሚሄድ ተናገሩ። ይህ ቁጥር ከምርጫ ዘመቻ መድረክ ላይ ቢነገር ኖሮ ክርክሩ ሌላ በሆነ ነበር። የተነገረው ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ዲሴምበር ላይ ከተጣሉት ታክሶች የተወሰኑት በሌላ ሕግ ስም ተመለሱ።

ስሪላንካ የታሪኩን ሌላ ገጽ ታሳያለች፤ እዚያ ሕዝቡ የወረቀት ድምፁንም የእግሩንም ተጠቅሟል። በኤፕሪል 2022 መንግሥት የውጭ ዕዳ መክፈል ማቆሙን አስታወቀ፤ ለቤንዚንና ለጋዝ የሚሰለፈው ሰው መንገድ ዘጋ። በጁላይ 9 ሰልፈኞች ቤተ መንግሥቱን ያዙ፤ ፕሬዚዳንት ጎታባያ ራጃፓክሳ በአራተኛው ቀን ወደ ማልዲቭስ ኮበለሉ። የተተኩት ራኒል ዊክረመሲንግ በፓርላማ የተመረጡ እንጂ ሕዝብ የመረጣቸው አልነበሩም፤ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር የ3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ስምምነት አደረጉ፤ በ2019 መጨረሻ ወደ 8 በመቶ ወርዶ የነበረው ተጨማሪ እሴት ታክስ በጃንዋሪ 2024 18 በመቶ ገባ። በሴፕቴምበር 21 ቀን 2024 መራጩ ፍርዱን ሰጠ። ዊክረመሲንግ ሦስተኛ ወጡ፤ በቀድሞው ፓርላማ ሦስት ወንበር ብቻ የነበረው ጥምረት መሪ አኑራ ኩማራ ዲሳናያኬ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በሁለት ወር ውስጥ ጥምረታቸው ከ225 ወንበር 159 ያዘ። ከዚህ የበለጠ የሕዝብ ፍርድ ከየት ይመጣል? ነገር ግን ከምርጫው ሁለት ቀን በፊት ተሰናባቹ መንግሥት ከቦንድ ባለቤቶች ጋር የ12.5 ቢሊዮን ዶላር የዕዳ ሽግሽግ ስምምነት ላይ መድረሱን አስታውቆ ነበር። አዲሱ መንግሥት ያንኑ ስምምነት ተቀበለ፤ በዲሴምበርም ፈጸመ። ለመራጩ የቀረለት ማን ይፈጽመው የሚለው ብቻ ነበር።

ጋና ይህንኑ በዝግታ፣ ያለ ግርግር ነው ያየችው፤ ስለዚህም ይበልጥ ታስተክዛለች። ጋናውያን በሰላም ምርጫ የተመሰገኑ ናቸው፤ በ2000፣ በ2008፣ በ2016 እና በ2024 ገዢውን ፓርቲ በካርድ አውርደዋል። በ2023 ከገንዘብ ድርጅቱ ጋር የገቡት ስምምነት ግን አሥራ ሰባተኛቸው ነው፤ አሥራ ስድስተኛውን በ2015 የፈረሙት ፕሬዚዳንት ጆን ማሃማ በማግሥቱ ዓመት ተሸንፈው፣ አሥራ ሰባተኛው በመሃል ላይ እያለ በ2024 ምርጫ ተመለሱ። አሸናፊውም ተሸናፊውም ያንኑ የውል መዝገብ ነው የሚረካከቡት። በመካከሉ ያለፈው መከራ ቀላል አልነበረም። በዲሴምበር 2022 የዋጋ ንረቱ 54 በመቶ ደረሰ። የውስጥ ዕዳው ሲሸጋሸግ የጡረታ ቁጠባቸውን በመንግሥት ቦንድ ያስቀመጡ አዛውንቶች፣ የቀድሞዋ የአገሪቱ ዋና ዳኛ ሳይቀሩ፣ ገንዘብ ሚኒስቴር ደጃፍ ላይ ተቃውሞ ወጡ። ማሃማ ሲመለሱ በስልክ ገንዘብ ዝውውር ላይ የተጣለውን የተጠላ ታክስ አነሱ፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ከፕሮግራሙ ግን አልወጡም። ዛምቢያም እንዲሁ ናት። በ2021 ሃካይንዴ ሂቺሌማ ነባሩን ፕሬዚዳንት በአንድ ሚሊዮን ድምፅ ገደማ ልዩነት አሸነፉ፤ ከቦንድ ባለቤቶች ጋር የተደረገው ሽግሽግ ያለቀው ግን ወደ ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2024 አጋማሽ ነው። እስከዚያው የነዳጅ ድጎማው ተነስቷል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለውን ተረት እዚህ ላይ የሚያመጣ አይጠፋም። እኔ ግን በመራጩ ላይ አልተርትም፤ እሱ ጉልቻውን የቀየረው ወጡ ከተሠራ በኋላ ወደ ማድ ቤት ሲጠሩት ነው።

አሁን ተቃራኒውን ሐሳብ እንስማው፤ ቀላል አይደለምና። የመጀመሪያው፣ መራጩ ራሱ ንጹሕ አይደለም የሚል ነው። መንገድ ይሠራልን፣ ነዳጅ ይደጎምልን፣ ግብር ይቀነስልን የሚለው ማን ሆነና? ስሪላንካ ውስጥ ታክስ እቀንሳለሁ ብለው የተመረጡት ራጃፓክሳ ቃላቸውን ነው የጠበቁት፤ የመንግሥት ገቢ የተንኮታኮተውም ከዚያ ወዲህ ነው። በዚህ ክርክር ውስጥ እውነት አለ። መራጭ ሁሉ ባለሙያ አይደለም፤ የሚጥመውን ቃል መውደዱም ያለ ነው። ነገር ግን ሰው ዋጋውን ሳይነግሩት ያዘዘውን ምግብ አብዝተህ በላህ ብሎ መውቀስ አይቻልም። የታክስ ቅነሳው ለሕዝብ ሲቀርብ የውጭ ምንዛሪ ክምችቱ ስንት እንደሆነ፣ በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት የሚከፈለው ቦንድ ስንት እንደሆነ በዚያው መድረክ፣ በዚያው ድምፅ አልተነገረም። የኬንያ ወጣቶች ደግሞ ሲነገራቸው ምን እንደሚያደርጉ አሳይተዋል። ያነበበ ሰው ግብር ሁሉ ይቅር አላለም፤ የትኛው ግብር በማን ላይ ብሎ ነው የጠየቀው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጥፋቱን ወደ አበዳሪው ይወስደዋል፤ አንዱ ቻይናን፣ ሌላው የገንዘብ ድርጅቱን ይከስሳል። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የስሪላንካ የሃምባንቶታ ወደብ በ2017 ለቻይና ኩባንያ በ99 ዓመት ኪራይ መሰጠቱ ዝነኛ ነው፤ ከውጭ ዕዳዋ ትልቁ ድርሻ ግን በዓለም ገበያ የተሸጠ ቦንድ ነበር። ከቤጂንግም ይምጣ ከለንደን፣ የሚደበቅ ውል የሚደበቀው በሁለት ወገን ፈቃድ ነው፤ አንደኛው ፈራሚ የአገር ሰው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው። ፓርላማ ያጸደቀው ብድርስ? የጋና ሕገ መንግሥት መንግሥት የሚወስደው ብድር በፓርላማ እንዲጸድቅ በግልጽ ያዛል፤ ሆኖም ጋና ዕዳዋን መክፈል አቅቷታል። የኬንያም የፋይናንስ ረቂቅ በተመረጡ ሰዎች ድምፅ ነው ያለፈው። ታዲያ ቀድሞ መጠየቅ ምን ፈየደ? ይህን በቅንነት መመለስ ያስፈልጋል፤ የፓርላማ እጅ ማውጣት ብቻውን መድኃኒት አይደለም። የገዢው ፓርቲ አባላት ብዙሃን በሆኑበት ቤት የብድር ስምምነት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ተፈርሞ፣ አይቀሬ ሆኖ ነው፤ እንደራሴው አይሆንም ቢል አገሩን ከአበዳሪ ጋር አጣላ ይባላል። እኔ ቀድሞ መጠየቅ የምለው ከፊርማው በፊት ሰነዱ በአደባባይ መቀመጡን ነው። ጋና ላይ የጎደለውም ሥልጣኑ አልነበረም፤ ጊዜውና ብርሃኑ ነው።

ብርሃን ስል የምለውን አንድ ነገር ያስረዳልኛል። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮ ቦንድ ስትሸጥ ለገዢዎች የቀረበ ከ100 ገጽ በላይ የሆነ የሽያጭ ሰነድ ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ያ ሰነድ ለባለሀብቱ ምንም አልደበቀም፤ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሊያገረሽ እንደሚችል፣ ረሃብ ሊመጣ እንደሚችል፣ መጪው የግንቦት ምርጫ ግጭት ሊያስነሳ እንደሚችል ዘርዝሮ አስጠንቅቋል። ለምን? ለአበዳሪው አለመንገር በሕግ ስለሚያስጠይቅ ነው። የሕግ ጥብቅነቱን ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ አይተነዋል። የሕዳሴው ግድብ ቦንድ አሜሪካ ውስጥ ሳይመዘገብ በመሸጡ የአገሪቱ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ በ2016 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልን ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሏል፤ ቦንዱን የገዙት ከ3,100 በላይ ሰዎች፣ የሰበሰበው ገንዘብ 5.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ሜሪላንድ ተቀምጦ መቶ ዶላር ያበደረውን ሰው የሚጠብቅ ሕግ አለ። አርሲ ተቀምጦ ለሃያ ዓመት የሚከፍለውን ሰው የሚጠብቅ ሕግ የለም። ለአበዳሪ የሚነገረው ለከፋይ አይነገርም፤ ምሬቱ የሚፈልቅበት ጉድጓድ ይህ ነው።

የኛው ዩሮ ቦንድ የቅደም ተከተሉን ነገር ራቁቱን ያሳያል። ሲሸጥ የነበረው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተቃዋሚ ፓርቲ አንድ ወንበር ብቻ ያለበት ነበር፤ በግንቦት 2007 ዓ.ም. ምርጫ ያም ቀርቶ 547ቱም ወንበር ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ ሆነ። ገንዘቡ ለስኳር ፋብሪካዎች፣ ለኢንዱስትሪ ፓርኮች፣ ለኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ይውላል ተብሎ ነበር። ስኳሩ ዓመታት አልፈውም ወረፋ ሆኖ ቀረ። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ብድር መክፈያ ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም በ2018 ቻይናን መለመን ግድ ሆነ። መንግሥት በጃንዋሪ 2021 ጂ-20 ባዘጋጀው የጋራ ማዕቀፍ ሽግሽግ ጠየቀ፤ በዲሴምበር 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። ዋናው ቦንድ የሚከፈልበት ዲሴምበር 2024 ሲደርስ ያስፈረሙት ጠቅላይ ሚኒስትር ከሥልጣን ከወረዱ ስድስት ዓመት አልፏል፤ የሸጠው ግንባርም ከፈረሰ አምስት ዓመት ሆኖታል። ከግንባሩ የተገኘው ፓርቲ ውስጥ የቀድሞዎቹ ሰዎች ብዙ መሆናቸው ባይካድም፣ ያን ቀን ስለ ቦንዱ በስሙ የሚጠየቅ ተቋም አልነበረም። የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ ይላል ያገራችን ሰው፤ አባት ስሙን ቀይሮ ሲገኝ ልጅ ማንን ይጠይቅ?

ሂሳቡ በሌላ በኩል ነው የመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በዚያው ዕለት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የገንዘብ ድርጅቱ ብድር ጸደቀ። 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ፤ በዶላር የተያዘው ዕዳ በብር ሲቆጠር አብሮ አደገ። ከአበዳሪ መንግሥታት ጋር በማርች 2025 በ8.4 ቢሊዮን ዶላር ላይ የመርህ ስምምነት ተደርሶ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር እፎይታ ተገኝቷል፤ ጥሩ ነው። ምንዛሪው መስተካከል አልነበረበትም የሚል ክርክርም አላነሳም፤ ሁለት ገበያ ያለው ምንዛሪ ማንን ሲጠቅም እንደኖረ ሁሉም ያውቀዋል። የምከራከረው በዋስትናው ላይ ነው። የፌዴራል መንግሥቱ በስሙ የሚበደረው ገንዘብ የብድር ማጽደቂያ አዋጅ እየተባለ ምክር ቤት ይገባል፤ በነጋሪት ጋዜጣም ይወጣል። የልማት ድርጅቶች የተበደሩትና መንግሥት ዋስ የሆነበት ግን ብዙ ጊዜ በዚያ በር አላለፈም። የስኳሩ፣ የባቡሩ፣ የመብራቱ ዕዳ ቀስ በቀስ ወደ ዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን፣ ከዚያም ወደ መንግሥት መዝገብ ዞረ፤ የልማት ድርጅቶች ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወሰዱት ብቻ ከ800 ቢሊዮን ብር በላይ ሆኖ በመንግሥት ቦንድ ተተክቷል። በባህላችን ዋስ የሚሆን ሰው ሚስቱን ያማክራል። ዕዳ ከሜዳ የሚባለውም ያልተማከሩበት ሲመጣ ነው።

ግድቡን የሚያነሳብኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ደግሞም ያንሳው፤ ክርክሬን ያጠናክርልኛልና። የግድቡ ወጪ በአብዛኛው ከመንግሥትና ከንግድ ባንክ ቢሆንም ሕዝቡ ለ14 ዓመት ቦንድ ገዝቷል፣ አዋጥቷል። ደመወዙ ሲቆረጥ ያላጉረመረመ የለም አልልም፤ በየመሥሪያ ቤቱ የነበረው ውዴታ ሁሉ ውዴታ አልነበረም። ሆኖም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ይህን ዕዳ ማን አመጣብን ብሎ የጠየቀ ብዙ ሰው አልተሰማም። ለምን እንደሚከፍል፣ ምን እንደሚሠራበት፣ የት እንደደረሰ ሰው ያውቅ ነበር። ከስኳር ፋብሪካዎቹ ጋር ያለው ልዩነት የገንዘቡ መጠን አይደለም።

ምሥጢር ለድርድር ያስፈልጋል የሚሉ አሉ፤ ውሉ ቀድሞ ከወጣ አበዳሪ ይሸሻል፣ ጊዜም ይባክናል ይላሉ። ሞዛምቢክ ይህን ሞክራዋለች። በ2013 እና በ2014 ለቱና ዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎችና ለባሕር ጠረፍ ጥበቃ ተብሎ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ብድር በመንግሥት ዋስትና፣ ከፓርላማ ተደብቆ ተወሰደ። በ2016 ሲጋለጥ የገንዘብ ድርጅቱና ለጋሾች እጃቸውን ሰበሰቡ፤ በጃንዋሪ 2017 አገሪቱ ዕዳ መክፈል አቆመች። የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ በ2019 የቱና ጀልባዎቹን ብድር ዋስትና ዋጋ የለውም ብሎ ሻረ፤ ዋስትናውን የፈረሙት የቀድሞው የገንዘብ ሚኒስትር ማኑዌል ቻንግ በ2024 ኒው ዮርክ ውስጥ ጥፋተኛ ተባሉ። ምሥጢሩ ያተረፈው ጊዜ ሦስት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ዛምቢያ ደግሞ ከደረሰባት ተምራ በ2022 ባወጣችው ሕግ መንግሥት በየዓመቱ ሊበደር ያሰበውን ዕቅድ አስቀድሞ ለፓርላማ እንዲያቀርብ አስገድዳለች። አበዳሪም አልሸሸም፤ የዕዳ ሽግሽጉ የተጠናቀቀው ከዚህ ሕግ በኋላ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ለኛም ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም የሚያስፈልገን፤ ዋስትናው እንደ ብድሩ ምክር ቤት ይግባ፤ ለባለሀብቱ የሚሰጠው የሽያጭ ሰነድ በዚያው ቀን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ ይውጣ፤ ዕጩ ሆኖ የሚቀርብ ሰው የሚሠራውን መንገድ ሲዘረዝር የሚከፈልበትን ዓመትም ይናገር።

ኬንያውያን ቀጣዩን ጠቅላላ ምርጫ የሚያካሂዱት በኦገስት 2027 ነው። የ2014ቱን ቦንድ ለመክፈል በፌብሩዋሪ 2024 የተሸጠው ቦንድ ተከፍሎ የሚያልቀው በ2031 ነው።